የእትዬ ወለተሐና ዕጣ

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ቀኝ እጄ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ለማሳቅ ብዬ አይደለም፤ ከልቤ አምን ነበር። ያመንኩትም ብቻዬን አልነበረም፤ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሙሉ ሰፈር አብሮኝ አምኗል። እነሱ በኋላ ረሱት፤ እኔ ግን መርሳት አልቻልኩም። አንዲት ሴትዮ ከሰፈራችን የወጡት እኔ በተናገርኩት ነገር ነው፤ ስናገረው ደግሞ የማድናቸው መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ከቅርጫው ልጀምር።

ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበር። አሥር ቤት ሆነን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና፣ አንድ በሬ እናርዳለን። ሥጋውን የሚያከፋፍሉት ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን መንገድ ሥራ ላይ የፈጁ፣ ሁሉን ነገር በዓይናቸው የሚለኩ ሽማግሌ። በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አሥር መደብ ይደረድራሉ። ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ያዳርሳሉ። ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይዞሩታል፤ ከአንዱ ቁራጭ አንሥተው ለሌላው ይጨምራሉ፤ እንደገና ይዞራሉ። ሰው ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ምላሱን ግን አይቆርጡትም። «አሥር ቦታ የተቆረጠ ምላስ ለማንም አይደርስም፤ ለአንዱ ይውጣለትና ያጣጥመው» ይሉና ከአሥሩ መደብ በአንዱ ላይ ሙሉውን ያስቀምጡታል። በዓል በመጣ ቁጥር የሰፈሩ ወሬ ምላሱ ለማን ደረሰ ነበር።

ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ከየቤቱ የመጣው ሰው እጁ የገባለትን ትንሽ ነገር ይሰጣል፤ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። ዕጣ የሚጥለው ልጅ ማን ምን እንደሰጠ እንዳያይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይቆማል። ሲጠራ ይመጣና ከጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ባርኔጣ ውስጥ እያነሣ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ልጅ የሚመረጠው አያዳላም ተብሎ ነው። ከእኔ በፊት ይጥል የነበረው ልጅ ድምፁ ሲጎረንን ተሻረና በስምንት ዓመቴ እኔ ተተካሁ። ሹመት ነበር የመሰለኝ።

እትዬ ወለተሐና የመጡት በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ሸክላ ይሠራሉ፤ ባልም ልጅም የላቸውም። ከጎረቤታችን ከእትዬ ብዙነሽ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራዩ። ያን ሰሞን ከቅርጫችን አንድ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ዘጠኝ ቀርተን ነበር፤ ለዘጠኝ ደግሞ በሬው ይከብዳል። «ወለተሐና ትግባ» ያለው አባቴ ነው።

«ሸክላ ሠሪ ናት እኮ» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እና በሬውን ልትጠፈጥፈው ነው? ትበላዋለች እንጂ» አለ አባቴ።

ሰው ሳቀ፤ እትዬ ወለተሐናም ገቡ። ሸክላ መሥራት ድምፅ ዝቅ የሚያስደርግበት ምክንያት አልገባኝም ነበር። እኛ ቤትም ሁለት ጋን ነበረን፤ ማንም በሹክሹክታ አውርቶባቸው አያውቅም።

የፋሲካ ለት ጎሕ ሲቀድ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ቆምኩ። ብርዱ ጣቶቼን ቆርጥሟቸው ነበር። ከኋላዬ ሰዎች ሲሳሳቁ፣ ነገር ወደ ባርኔጣው ሲገባ እሰማለሁ። ተጠራሁ። አንድ በአንድ እያነሣሁ ጣልኩ። ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ምላሱ ያለበት መደብ ላይ ጎንበስ አሉና የወደቀውን አነሡ፤ የተሰበረ የእንስራ ገል ነበር።

«የማን ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው» አሉ እትዬ ወለተሐና ከሰው ጀርባ። ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው ነበር፤ አንድ ነገር ሰብረው የተያዙ ይመስሉ ነበር።

«እንግዳዋ ቀናት» ተባለ። ሁሉም ደስ አለው። በማግስቱ እትዬ ወለተሐና ከተቀቀለው ምላስ በትንሽ ገበታ ቆርጠው ላኩልኝ፤ ዕጣ የጣለ ልጅ መቅመስ አለበት ብለው።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ጋ ጎራ ማለት ለመድኩ። ክፍላቸው ጭቃና ጭስ ጭስ ይሸታል። አንድ እፍኝ ጭቃ ይሰጡኝና አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ብዙ አያወሩም። እኔ ግን አወራለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼን ጠብ፣ የመምህሯን ጫማ፣ ሁሉንም። አንድ ቀን ጣቶቼን ጭቃው ውስጥ ያዝ አድርገው «እጅሽ ቅን ነው፤ አገባሽኝ እኮ» አሉኝ። ሰፈሩ ውስጥ መግባታቸውን ማለታቸው ነበር። እኔ ስለ እጄ መሰለኝ፤ ማታ በብርድ ልብሴ ውስጥ ቀኝ እጄን አውጥቼ ሳየው አስታውሳለሁ።

እንቁጣጣሽ መጣ። በዚህኛው እትዬ ወለተሐና የሰጡት ቀይ ክር ነበር። ምላሱ ላይ የወደቀው ያ ቀይ ክር ሆነ።

«አሃ» አለ ፍቃዱ። ፍቃዱ ጎረቤታችን ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ነገር ማሟሟቅ ይወዳል። «ልጅቷ ታውቃታለች።»

ተሳቀ፤ ግን እንደ ፋሲካው አልነበረም። አንዳንዶቹ ሳቁን ቶሎ ጨረሱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእጄ ነገር ወሬ ሆነ። እማዬ ዶሮ ልታስታቅፍ ስትል እንቁላሎቹን እኔ እንድመርጥ አደረገች። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ተፈለፈሉ፤ «የልጄ የምሥራቅ እጅ ነው» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ እሷው ራሷ መርጣ ዘጠኝ እንደተፈለፈለ አስታውሳለሁ፤ ያኔ ግን ማንም ስለ እጇ አላወራም። ፍቃዱ ደግሞ ይዞኝ ወጥቶ ሎተሪ አስመረጠኝ። ምንም አልደረሰውም። «አዟሪው ቲኬቱን በእርጥብ እጁ ነክቶት ነው፤ የልጅቷን ዕድል አጠፋው» አለ፤ ሰውም ልክ ነው አለ። ሲሳካ የእጄ ነው፣ ሲከሽፍ የሌላ ሰው ጥፋት ነው። እንደዚህ ዓይነት ሥልጣን ያኔም አሁንም አይቼ አላውቅም።

በኅዳር አካባቢ የትልልቆቹ ወሬ ይወሳሰብብኝ ጀመር። በር ላይ ቆመው ያወራሉ፤ እኔ ስቀርብ ስለ ሽንኩርት ይጀምራሉ። እማዬ የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ሰፍታ አስገባችልኝ፤ «ለጉንፋን ነው» አለችኝ። ጉንፋን አልነበረብኝም። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ አንድ ቀን ለእማዬ «ዓይኗን አላየሽውም? ዓይኗ ደግ አይደለም» ሲሉ ሰማኋቸው። ስለ እትዬ ወለተሐና መሆኑን አወቅሁ። ሄጄ ዓይናቸውን በደንብ አየሁት። እውነትም ቀልቷል፤ ሸክላ ሲያቃጥሉ ጭሱ ስለሚገባባቸው ሁልጊዜም ቀይ ነበር። ሰፈሩ ተጨንቆላቸዋል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከቤት የዓይን ቅባት ሰርቄ ወሰድኩላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ፣ እጃቸው ጭቃ ስለሆነ በክርናቸው እያመለከቱ።

«ለዓይንዎ ነው። ደግ አይደለም ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም» አልኩ። እትዬ ብዙነሽን ነጥዬ ላሳጣ አልፈለግሁም፤ ደግሞ ብዙ ሰው ካሰበላቸው የበለጠ ደስ የሚላቸው መሰለኝ።

የያዙትን ማሰሮ አፍ በእርጥብ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ዞሩት፤ ካለቀም በኋላ ዞሩት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ቅባቱን ተቀበሉኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ሰፈሩ ምን እያላቸው እንደሆነ የነገርኳቸው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ገና ለት መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር ያደረው። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ቆምኩ፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ከኋላዬ የሚስቅ አልነበረም። ስጠራ ዞሬ ሳይ ሁሉም ሰው እጄን ያያል። ኮራሁ። አንድ በአንድ ጣልኩ። ምላሱ ላይ የወደቀው ባቄላ ነበር፤ ትልቅ፣ ጠይም ባቄላ።

«የማን ነው?» አሉ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ።

ማንም አልመለሰም። እትዬ ወለተሐና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ያኔ ሁሉም አወቀ።

«አልወስደውም» አሉ፤ «ለሌላ ሰው ይሁን።»

«ዕጣ አይመለስም» አሉ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ፤ ነገር ግን ሲናገሩ እሳቸውን አላዩአቸውም። ባርኔጣቸውን ገልብጠው ውስጡን አዩት፤ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። እኔ እንዲያመሰግኑኝ ቀና ብዬ እጠብቅ ነበር። ሦስት ጊዜ አገኘኋቸው እኮ። ማንም አላመሰገነኝም። እማዬ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝና እጄን በጸበል አጠበችው፤ ምን አጥፍቼ እንደሆነ ብጠይቃት «ዝም በይ» አለችኝ።

አሁን የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። ከየጥቅሉ ጥቂት ብርድ ልብስ አንሥተን እንፈትሻለን፤ የትኛውን እንደምናነሣ የሚነግረን የቁጥር ወረቀት ነው። ሥራ የጀመርኩ ጊዜ አለቃዬ ልዑል «እጅሽን አትመኚ» አለኝ። ሰው ዝም ብሎ አንሣ ሲባል ጎን ለጎን ያሉትን ይዘላል፤ አንዴ ያነሣበትን ቦታ ይሸሻል፤ ዕድል ማለት ተራ በተራ መዳረስ ይመስለዋል። የቁጥሩ ወረቀት ግን አንዳንዴ ከአንድ ጥግ ሦስት ተከታታይ ያስነሣል። መጀመሪያ ሳየው ወረቀቱ ተበላሽቷል ብዬ ልዑል ጋ ይዤ ሄጄ ነበር። ሳቀብኝ። ያን ቀን ማታ ነው ስለ ቅርጫው ያሰላሁት። የመጀመሪያው ምላስ ለማንም ይውጣ፤ የግድ ለአንዱ ይወጣል። በተከታዮቹ ሁለት በዓላት ለዚያው ቤት መደገሙ ከመቶ አንድ ነው። ከመቶ አንድ ብዙ ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ስንት ቅርጫ ነበር? ሁሉም እንደ እኛ ቢያደርጉ ኖሮ፣ በየዓመቱ በአንዱ ሰፈር ወይም በሌላው ሦስት ጊዜ የደረሰው ሰው ይገኝ ነበር። የእኛ ሰፈር ላይ የወጣው ለእትዬ ወለተሐና ነው።

በዚያ ገና ማግስት ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እትዬ ወለተሐናም ተጠርተው መጥተው በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ማንም ሰረቀች አላለም» አሉ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ። «ብቻ ሦስት ጊዜ ነው።»

«ሦስት ጊዜ ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«አንዴ ያጋጥማል፣ ሁለቴም ይሁን» አለ ፍቃዱና ቀሪውን ተወው።

«ፈልጌው አይደለም» አሉ እትዬ ወለተሐና። «ከፈለጋችሁ እወጣለሁ፤ ከቅርጫው እወጣለሁ። ቤቱን ግን አታስለቅቁኝ። ምድጃዬን ገና መትከሌ ነው።»

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ያስገባቸው እሱ ነው፤ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለም። ቢመክትላቸው የሚቀጥለው ጥያቄ በእኔ ላይ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ እንዲህ ብዬ ነው ዛሬ የምከራከርለት። ያኔ ግን የተረዳሁት ሌላ ነው። እትዬ ወለተሐና ዕጣ ሰርቀዋል ተብለው ተጠርጥረዋል፤ ይህ ደግሞ ስሕተት ነው፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«ምሥራቅ፣ ነይ እስቲ» አሉ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ። ወጣሁ። «አትፍሪ። ዕጣውን ስትጥዪ እሷ ምን እንደሰጠች አይተሽ ነበር?»

«አላየሁም።»

«ነግራሽ ነበር?»

«አልነገሩኝም።»

አባቴ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሊያሰናብቱኝ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር ይሆናል። እኔ ግን እትዬ ወለተሐናን አየኋቸው፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «እጄ ያውቃቸዋል። ምላሱ ጋ ስደርስ እጄ ይሞቃል። ያን ጊዜ የሳቸውን ያነሣል።»

እማዬ «በስመ አብ» አለችና አማተበች። እትዬ ብዙነሽ ተነሥተው ወንበራቸውን ከበሩ አራቁ። እኔ እትዬ ወለተሐናን ፈገግ ብዬ አየኋቸው፤ አይዞዎት፣ አለቀ፣ ማለቴ ነበር። እሳቸው ግን እኔን ያዩኝ የነበረው በፍርሃት ነው። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

ሞቆኝ ነበር፤ ውሸት አይደለም። ውርጭ ላይ ቆሞ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ አሁን የታረደ በሬ ሥጋ ላይ ሲያጎነብስ እንፋሎቱ ይሞቀዋል። በአሥሩም መደብ ላይ ሞቆኛል። ያስታወስኩት ግን የአንዱን ብቻ ነው።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ሰፈራችን ጨዋ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ክፍሏን ለዘመድ እንደሚፈልጓት ነገሯቸው። ለዕድር መመዝገባቸው «ይታያል» ተባለ። በየካቲት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ምድጃው ፈርሷል፤ መሬቱ ላይ የዓይን ቅባቱ ሳይከፈት ተቀምጧል። እማዬን ስጠይቃት «አገሯ ገባች፤ ዘመዶቿ ናፈቋት» አለችኝ። አመንኩ። ትንሽ አለቀስኩ፤ ግን አድኛቸዋለሁ ብዬ እጽናና ነበር። ይህን መጽናኛ ይዤ ትልቅ ሰው ሆንኩ።

የቀረውን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አባቴ ካረፈ በኋላ። ከእማዬ ጋር ምስር ስንለቅም ስለ ድሮ ሰፈራችን ተነሣ።

«ያቺ ሸክላ ሠሪ» አለች፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ። «አንቺ ባታጋልጪያት ኖሮ ስንቱን ትበላው ነበር።»

ምስሩ ከእጄ ፈሰሰ።

«እኔ አላጋለጥኳቸውም። እሳቸው ምንም አላደረጉም ነው ያልኩት።»

«እጄ ያውቃታል አላልሽም? ልጅን ያዘች ማለት እኮ ነው። ምን ማስረጃ ይፈለጋል ከዚያ በላይ?»

ቀስ ብዬ ልጠይቃት ሞከርኩ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በነበረው ፋሲካ ምላሱ ለማን እንደደረሰ ታስታውሳለች?

«ለእኛ» አለች ደስ ብሏት። «አባትሽ እንዴት ወዶት እንደበላ።»

«ከዚያስ? በእንቁጣጣሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ለእኛ። ተደገመልን። ያ ዓመት እግዜር ያየን ዓመት ነበር።»

«እማዬ፣ እሱም ሁለት ጊዜ ተከታታይ ነው እኮ። ዕጣውን የጣልኩት ደግሞ እኔ፣ የገዛ ልጃችሁ። ማንም ምንም አላለም?»

«እሱ ሌላ ነው» አለች።

«ምኑ ነው ሌላው?»

አየችኝ። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የታመመ ጎረቤት ሳትጠይቅ እህል አትቀምስም። የጠየቅኋት ነገር ግን እውነት አልገባትም። «እኛ ነና» አለችኝ፤ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ወለተሐናን ሳላያቸው መቀመጥ አልቻልኩም። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ይዘጋል፤ ተከፈተ ሲባል ሥራ ይይዘኛል። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወጣሁ። አንኮበር በጉም ተሸፍና ነበር። ከተማዋ ጎረቤላ ላይ ሸክላ የሚሠሩትን ወለተሐናን ብዬ ስጠይቅ አንድ ሰው «ሐሙስ ሐሙስ ወርደው አሊዩ አምባ ገበያ የሚሸጡትን?» አለኝና እስከ በራቸው አደረሰኝ።

አርጅተዋል። ዓይናቸው ያው ቀይ ነው። ስሜን ስነግራቸው ወዲያው አወቁኝ፤ ግን እጃቸውን ከጭቃው ለማውጣት ጊዜ ወሰደባቸው። ጉንጬን ሳሙኝ፤ እጄን ግን አልነኩትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና እንደመጣልኝ ተናገርኩ። ውርጩን፣ የሥጋውን እንፋሎት፣ ምላሱ እኛ ቤት መደጋገሙን፣ ከመቶ አንዱን። ይቅርታም ጠየቅሁ። እሳቸው ጭቃውን እያሹ ሰሙኝ።

«እዚህስ ቅርጫ አለ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አለ። ስምንት ቤት ናቸው፤ እነሱም ምላሱን ሳይቆርጡ ለአንዱ ይተዉታል። በየዓመቱ ይጠሩኛል፤ ደጎች ናቸው።»

«ይገባሉ?»

«ሥጋ አይስማማኝም እላቸዋለሁ።»

«አይስማማዎትም?»

«ኧረ ይስማማኛል» አሉ። ጭቃውን ለሁለት ከፈሉት፤ መልሰው አንድ አደረጉት። «ስሚኝ ልጄ። ሰዎቹ ያሉኝን ብቻ ቢሆን አላምነውም ነበር። ሸክላ ለሚሠራ ሰው ያንን ማለት የለመዱት ነው፤ እናቴንም ብለዋታል። አንቺ ግን የምትዋሺ ልጅ አልነበርሽም። ትወጂኝም ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ እጄ ያውቃታል ካለች፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለብኝ ማለት ነው አልኩ። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት፤ ሳላውቀው የሰው ድርሻ እንዳልወስድ ብዬ ዕጣ የሚጣልበት ቦታ አልደርስም።»

ከሰፈር እንዳስወጣኋቸው አውቄ ነበር የመጣሁት። ከራሳቸው ጋር እንዳጣላኋቸው ግን አላወቅሁም ነበር። አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

«ሥጋው ነው የሞቀሽ?» አሉኝ።

«ሥጋው ነው።»

«በሁሉም ላይ?»

«በአሥሩም ላይ።»

ጭቃውን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። ከውጭ ጉሙ በበሩ ይገባ ነበር።

«እንግዲያው ለዚህ ፋሲካ እሺ ብላቸው አይደርሰኝም?»

አይደርስዎትም ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ዓይናቸው እሱን እየለመነኝ ነበር። «ሊደርስዎት ይችላል» አልኩ። «ስምንት ቤት ናቸው፤ እርስዎ ዘጠነኛ። ከዘጠኝ አንድ።»

«ከደረሰኝስ?»

«ከደረሰዎትማ ይበሉታል።»

ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ አፋቸውን በክርናቸው ሸፍነው። «መጥተሽ አብረሽኝ ትበያለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«ባይደርሰኝም ነይ» አሉኝ።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዘጠኝ አንድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በማንም ምኞት እንደማይለወጥ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የምሠራበት ነገር ነው። ግን ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ፣ ለዚህ ፋሲካ ብቻ ምላሱ ለሌላ ሰው እንዲወጣ እግዜርን እየለመንኩ ነበር።